የቀሩኝ ሰባት ኪሎዎች

ለቡ መብራት ኃይል፣ አዲስ አበባ
እሁድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለሚሳኤል፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ለዚህች ጥያቄ ከራስህ አንደበት መልስ ካገኘሁ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ስደውል አታነሳም፤ ስታነሳም «ደህና ነኝ እታለም፣ አሁን ክፍል ልገባ ነው» ትልና ትዘጋለህ። እሁድ ከሰዓት ምን ልታስተምር ክፍል እንደምትገባ አላውቅም። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል አልኩ። ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋም። ነገ ጠዋት ባለቤቴ በኃይሉ መናኸሪያ ወስዶ ወደ ሐዋሳ በሚወርድ መኪና ይልክልኛል፤ ሚስትህ ሜሪ ከሰዓት ትቀበልና ትሰጥሃለች።

እኛ ደህና ነን። መካኒሳ ያለው የስፌት ቤቴ የመስከረምና የጥቅምት የዩኒፎርም ግርግር አልፎለት አሁን ጸጥ ብሏል፤ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው የቀረኝ። ልጄ ምስጢር ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ሒሳብ ሲከብዳት እርሳሷን ታስቀምጥና «አጎቴ ቢኖር ኖሮ» ትላለች። እኔም ወደ ጓዳ እገባለሁ፣ እንዳታየኝ።

ፊትህን ካየሁ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ልምጣ ስልህ «ስድን ትመጫለሽ» ትላለህ። በቪዲዮ ልይህ ስልህ ኔትወርክ የለም ትላለህ። ሜሪ ግን ፊትህ ስለሚያብጥ እንዳላይህ ብለህ መሆኑን ነግራኛለች። ሚሳኤል፣ እኔ እኮ አንተን ኩፍኝ ይዞህ ዐይንህ ተደፍኖ፣ ከንፈርህ ተሰነጣጥቆ አዝዬህ ጤና ጣቢያ የሄድኩ ነኝ። እናታችን ከሞተች ገና ስምንት ወሯ ነበር፤ አንተ ስድስት ዓመትህ፣ እኔ አሥራ አምስት። ያን ጊዜ ያላስፈራኝ ፊትህ አሁን ያስፈራኛል ብለህ ነው?

አንተ ከእኔ ፊትህን እንደደበቅህ እኔም ከአንተ የደበቅሁት አለ። ስለ ኪሎዬ እስካሁን እውነቱን በሙሉ አልነገርኩህም። ዛሬ ልንገርህ።

ጥር ላይ ምርመራው ወጥቶ ኩላሊቴ ለአንተ ይሆናል ሲሉኝ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሰው እያየኝ እልል አልኩ። ያን ነግሬሃለሁ። ከዚያ በኋላ ዶክተሩ ሚዛን ላይ አቆመኝ፤ መቶ ሁለት ኪሎ። ስኳሬም ጫፍ ላይ ደርሷል አለኝ። «ከሰማንያ አምስት በታች ወርደው እዚያው ሲረጉ ይመለሱ» ብሎ አሰናበተኝ። እኔ ከሰማንያ አምስት በታች የሚለውን ብቻ ይዤ ወጣሁ። «እዚያው ሲረጉ» የምትለዋን ጆሮዬ አልያዛትም።

ከስፌት ቤቴ አጠገብ ዱቄት የምትሸጥ ሴት አለች፤ በሙቅ ውሃ በጥብጠው ከጠጡት በወር አሥራ አምስት ኪሎ ይቀንሳል ትላለች። ገዛሁት። ሁዳዴም ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ ከዚያ በኋላም አንድ እፍኝ ቆሎና ያ ዱቄት ብቻ። በአምስት ሳምንት ዘጠኝ ኪሎ ወረድኩ። ደውዬ ስነግርህ ትስቃለህ ብዬ ስጠብቅ፣ «አትቸኩዪ እታለም» አልከኝ። የተቀየምኩህ መሰለኝ ያን ቀን። አንተ ሳምንት ሁለቴ ማሽን ላይ ተሰክተህ እየዋልክ እኔ እንዴት አልቸኩልም?

መጋቢት መጨረሻ ላይ የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ወደቅሁ። ለአንተ ጾም አድክሟት ነው እንዲሉህ አደረግሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ዱቄቱ ኩላሊቴን ጎድቶት ነበር። ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለወንድምዎ ሊሰጡት የሚፈልጉትን ነው እኮ በእጅዎ ያበላሹት» አለኝ። ብዙ ሰዎች ብዙ ክፉ ነገር ተናግረውኛል፤ እንደዚያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዱቄቱን ከተውኩ በኋላ ኩላሊቴ አገግሟል፤ ሁለት ጊዜ ተመርምሬ አረጋግጫለሁ። የንስሐ አባቴም ሲሰሙ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ጾም የሚጾመው ለእግዚአብሔር እንጂ ለሚዛን አይደለም» አሉኝና ነገ በሚገባው በነቢያት ጾም ከቀትር በፊት እንድበላ ፈቀዱልኝ።

ያ ዘጠኝ ኪሎ ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ መጣ። ግንቦት ላይ ስመዘን መቶ ሦስት ሆኛለሁ። አንዱን ኪሎ እንደ ምርቃት ጨምሮልኛል።

ከዚያ ነው ሆስፒታሉ ወደ ሲስተር ዙሌካ የላከኝ። ቀጭን ሴት ናት ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንደ እኔው ደልደል ያለች፣ ሳቂታ ናት። «ይህን ውፍረት በስንት ጊዜ አመጣሽው?» አለችኝ። በሃያ ዓመት አልኳት። «ታዲያ በሃያ ቀን እንዲሄድልሽ የምትፈልጊው ለምንድን ነው?» አለች። ወንድሜ ጊዜ የለውም አልኳት። ሳቋን ተወችው። «ቀስ በይ የምልሽ ለአንቺ ብዬ ብቻ አይደለም። በችኮላ የወረደው ሲመለስ አይተሻል። ወንድምሽ ሁለተኛ ችኮላሽን የሚጠብቅበት ጊዜ ነው የሌለው» አለችኝ።

የሰጠችኝ ነገር በጣም ትንሽ ስለነበር አፈርኩበት። የሳህኔ ግማሽ ጎመን ወይም ቀይ ሥር ይሁን፤ እንጀራው ግማሽ ይበቃል። የሻይ ስኳሬን ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ። ለስላሳ የለም። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ልውረድ። ይኸው ነው። እኔ አካሌን ላስቆርስ የተዘጋጀሁት ሴት ስኳር በማንኪያ ቀንሺ ተባልኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ትራፊ መተው ነው። ምስጢርም አባቷም ያስተረፉትን ጠርጌ ካልበላሁ ገበታው የተነሳ አይመስለኝም ነበር። ለምን እንደሆነ ሲስተር ዙሌካ ጠየቀችኝ፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ታወሰኝ። እናታችን እንደሞተች፣ ያለችውን አቀርብልህና በልተህ እስክትጠግብ እጠብቅ ነበር። የተረፈ ካለ የእኔ ነው፤ ከሌለም የለም። አንተ አታውቅም፤ እንድታውቅም አልፈለግሁም። ሆዴ ግን ያን አልረሳም መሰለኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ነገ አይገኝም ብሎ ሲያስቀምጥ ኖሯል። አሁን የተረፈውን ክዳን ከድቼ አስቀምጥና «ነገም አለ» እለዋለሁ። ራሴን እንደ ልጅ እያባበልኩ ማለት ነው።

በሰኔና በሐምሌ ስድስት ኪሎ ወረድኩ። ከዚያ ነሐሴ መጣና ቆመ። መድኃኒት ቤቱ ጋ ያለው ሚዛን ላይ አምስት ሳምንት በተከታታይ ወጥቼ ዘጠና ሰባት። ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ዝናቡ እየመታኝ፣ ያው ዘጠና ሰባት። አንተ ደግሞ በእነዚያ አምስት ሳምንታት አሥር ጊዜ ማሽኑ ላይ ተቀምጠሃል። ሚዛኑን ባየሁ ቁጥር የማየው ያን ነው። የእኔ ትዕግሥት የሚከፈለው ከአንተ ደም ነው እያልኩ እቃጠል ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ወደ ዱቄት ሻጯ ሄድኩና አንድ እሽግ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ያገኘው በኃይሉ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ቁልፍ ሲፈልግ። እሽጉን ይዞ ከፊቴ ተቀመጠ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው ዓለሚቱ» አለኝ።

አልገባኝም። በኃይሉ ከሥራ ሲመለስ ብዙ ቀን ቦምቦሊኖ ወይም ፓስቲ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣልኝ ነበር። አልበላም ስለው «አንድ ምን ያደርግሻል» ይላል፤ እኔም ፍቅር ነው ብዬ እበላለሁ።

«ሆን ብዬ ነው የማመጣው» አለኝ ወለሉን እያየ። «ኪሎሽ ካልወረደ ኦፕራሲዮን አያደርጉሽም ብዬ። እኔ አንቺን አልጋ ላይ አስተኝተው ሲወስዱሽ ማየት አልችልም። ሚሳኤልን ጠልቼው እንዳይመስልሽ።»

ሁለት ቀን አላናገርኩትም። አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? ሰውዬው ባሌ ነው፤ የፈራውም ለእኔ ነው፤ ግን ያ ቦምቦሊኖ የአንተን ቀን ነው የበላው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልወጣ ስል ጃንጥላ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «ፍርሃቴ አልለቀቀኝም» አለኝ፤ «ግን አብሬሽ ልሂድ።» ዱቄቱን መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ በተንነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አብረን እንሄዳለን። መጀመሪያ አንድ ፌርማታ፣ ከዚያ ሁለት፣ አሁን ከለቡ እስከ መካኒሳ ያለውን ግማሹን መንገድ በእግራችን። ብዙ አናወራም። አንዳንድ ቀን እጄን ይይዛል፣ መንገድ ስናቋርጥ፤ ካቋረጥን በኋላም ይረሳና አይለቅም።

ትናንት ዘጠና ሁለት ነበርኩ። በስድስት ወር አሥራ አንድ ኪሎ። ሰው ሲሰማው ይህ ምን ይወራል ይላል። ግን አልተመለሰም፣ ሚሳኤል። ስኳሬ ወደ ደህናው ተመልሷል። ሰኔ ላይ ሦስት ጊዜ የማርፍበትን የሆስፒታሉን ደረጃ ባለፈው ሳላርፍ ወጣሁት። ሰባት ኪሎ ይቀረኛል። መቼ ያልቃል ብዬ ሲስተር ዙሌካን ጠየቅኋት፤ እንዲህ ከቀጠልሽ ምናልባት ፋሲካን ተሻግሮ አለችኝ። ድሮ ቢሆን ወደ ቤቴ እያለቀስኩ ነበር የምመለሰው። ያን ቀን ግን ጎመን ገዝቼ ገባሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለምን እንደሆነ ሳታውቀው አትቀርም።

ሜሪ ደውላልኝ ነበር። አትቆጣት፤ የምትነግረው ሌላ ሰው የላትም። ባለፈው አርብ እጥበት አልሄድክም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞም እንደዚያው። ደክሞኛል ብለህ ተኛህ። ለእሷ የነገርካትንም ነግራኛለች፤ «እታለም ለእኔ ስትል ራሷን እየገደለች ነው። እኔ ከሌለሁ ታርፋለች» ማለትህን። ስልኬን የማታነሳውም ለዚህ መሆኑ አሁን ገብቶኛል።

እኔ እየሞትኩ አይደለም። እየሄድኩ ነው፣ በእግሬ፣ በየቀኑ። የቸኮልኩ ጊዜ ነው ልሞት የነበረው። ይህንን ለመማር ዓመት ፈጀብኝ፤ እሱም ከአንተ ዓመት ላይ ተቆርጦ ነው፤ ለዚህም ይቅር በለኝ። ግን አንተ ቀሪውን ብትቆርጠው እኔ በየጠዋቱ የምሄደው ወዴት ነው?

ኩላሊቴን ተቀበለኝ አልልህም ዛሬ። ያን ስንገናኝ እንጣላበታለን፤ እንደ ልጅነትህ ታኮርፈኛለህ፣ እኔም አባብልሃለሁ። ዛሬ የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ይህ ደብዳቤ ይደርስሃል፤ ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ሂድ። ስለ አርብ አታስብ፤ ስለ ፋሲካም አታስብ። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። ሰባቱን ኪሎ ሳስባቸው አይቻሉኝም፤ የዛሬውን ሳህን ግን እችለዋለሁ።

እናታችን ስትሸኘን ግንባራችንን ስማ «በሄዳችሁበት መልካም ሰው ይጠብቃችሁ» ትል ነበር። እኔም ከዚህ ሆኜ ግንባርህን ስሜሃለሁ። እጅህን የሚወጋህ መርፌ ይቅለልህ፤ አጠገብህ የሚቆሙት ሰዎች ልበ ቀና ይሁኑልህ፤ ሜሪ በአንተ ትጽናና። እግዚአብሔር ያበጠ ፊትህንም ቢሆን በዐይኔ ሳያሳየኝ አይውሰደኝ።

የምትወድህ እኅትህ፣
ዓለሚቱ

ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሜሪ እደውላለሁ። አንተ ማውራት ካልፈለግህ ግድ የለም። «ሄዷል» ብቻ ትበለኝ።