ማንም እንደሌለኝ ለመላው ከተማ ላበሰሩልኝ ወይዘሮ

በወደብ ከተማችን በማህዲያ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ፣ በሦስት ክፍልና በአንድ በረንዳ ተቀምጦ የከተማውን ልብ ለሚያባባው የማስታወቂያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ለክብርት ወይዘሮ ዶርሳፍ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? የእናትዎ ጉልበትስ ተሻላቸው? ፎቶ አንሺው ኒዛርስ፣ ያቺ ስልኳን ከጆሮዋ የማታወርደው ልጅስ? ሁላችሁም ደህና እንድትሆኑ፣ ዓይናችሁም እንዲጠራና በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ማየት እንዲችል ፈጣሪን እለምናለሁ። እኔ በበኩሌ ለጠየቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ። በታክሲ መናኸሪያው አደባባይ በአራት ሜትር ከፍታ፣ ቀን በፀሐይ ማታ በመብራት ቆሜ ስለምውልና ስለማድር፣ «እንዴት ሰነበትክ» ሊለኝ የፈለገ ቀና ማለት ብቻ ይበቃዋል።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ፊቴን እንጂ እኔን ለማያውቁ አንባቢዎች ልናገር። ሻድሊ እባላለሁ፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዓሣ ወደቡ ሠላሳ አንድ ዓመት ሚዛን ላይ ቆሜያለሁ። የአባትዎን ዓሣም ለብዙ ዘመን የመዘንኩት እኔ ነበርኩ፤ ዓሣው ለሚዛኑ አልመች ሲለኝ ጭራውን ቆርጬ ጥዬ አላውቅም። ሚስቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ ልጄ ስፋቅስ ከተማ አግብታ በየዓርቡ ትደውልልኛለች። በሳምንት ሁለት ቀን «ትኩስ ሳህን» የተባለው በጎ አድራጎት ማኅበር ምሳ ያመጣልኛል። ድርጅትዎ ይህንኑ ማኅበርና ሌሎች ሁለት ሦስት ማኅበራትን ያለ አንዳች ክፍያ በማስታወቂያ እንደሚያግዝ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ እግዚሃር ይስጥልኝ ስልም ከልቤ ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ቀጥሎ ለሚመጣው ሆድዎ እንዲሰፋ ነው።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ በዚያ ማክሰኞ ረፋድ ኒዛር ካሜራውን አንግቶ ወደ ቡና ቤቱ ሲመጣ፣ እኔና ቡጀምዓ እንደ ልማዳችን ከበለሷ ሥር ተቀምጠን ካርታ እየተጫወትን ነበር። ቡጀምዓ ማለት ዕድሜውን የፍራሽ ሱፍ ሲያበጥር የኖረ፣ በሁለት ዓመት የምበልጠው፣ ላለፉት አርባ ዓመታት የጨዋታችንን ውድ ካርታ፣ የዳይመንዱን ሰባት፣ ከጭኑ ሥር የሚደብቅብኝ ጓደኛዬ ነው። ኒዛርም በዚያ በተባረከ ትሕትናው፣ እንደ አገራችን ወግ አጎት ብሎ አክብሮ፣ «ዓሚ ቡጀምዓ፣ የወላጆችዎን ነፍስ ይማርና፣ አንዴ ይነሡልኝ፤ ብርሃኑን ከለሉብኝ» አለው። ቡጀምዓ ተነሣ። «ከተነሡ አይቀር ይቺን ብርማ ጨርቅ ይያዙልኝና ፀሐይዋን ወደ ዓሚ ሻድሊ ፊት ይመልሱልኝ» አለው። ቡጀምዓ ያዘ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ፣ ጨርቁን ዘርግቶ ፊቴን ሲያበራልኝ ቆየ። «ጥርስህን ክደን አንተ ሽማግሌ! ሙሽራ መሰልክ እኮ!» እያለ ሲሰድበኝ እኔም ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ። ሕዝቡ የሚያለቅስበት ያ የሐዘን ፊት፣ ክብርት ወይዘሮ፣ ሳቅ የታፈነበት ፊት ነው። በጉንጬ ላይ ያረፈው ብርሃንም የቡጀምዓ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢልቦርዱ፣ ያ ግዙፍ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በአደባባዩ ተሰቀለ። እኔ፣ ጠረጴዛ፣ ባዶ ወንበር። ከሥሩም፦ «ዓሚ ሻድሊ ምሳውን ብቻውን ይበላል። ማንም የለውም።»

ሁለተኛ፦ ጓደኛዬን ከወንበሩ ስታስነሡ ብርጭቆውን ማንሣት ረስታችኋል። ለውዝ የተንሳፈፈበት ሁለተኛ የሻይ ብርጭቆ እስከ ዛሬ በፎቶው ላይ ከፊቴ ተቀምጧል። የከተማው ሰው «የሟች ሚስቱ ነው፤ ዛሬም ይቀዳላታል» እያለ ያነባል። ሚስቴ በሕይወቷ ቡና ቤት ገብታ አታውቅም፤ ይህን ብትሰማ ከመቃብር ተነሥታ አንድ ጊዜ ለእኔ፣ አንድ ጊዜ ለእርስዎ ታቀምሰን ነበር።

ሦስተኛ፦ ይኸኛው ከሁሉ የከፋ ስለሆነ ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ማኅበሩ የሚያመጣልኝ አንድ ሳህን ነው፤ የምንበላው ግን ለሁለት ነበር። ቡጀምዓ «ስሜ መዝገብ ላይ ከሚወጣ ብራብ ይሻለኛል» የሚል ኩሩ ሰው ስለሆነ፣ በየማክሰኞውና በየሐሙሱ እኔ «ሆዴ አልፈቀደም፣ ይህ ኩስኩስ ይጣላል» እላለሁ፤ እርሱም «ነውር ነው፣ ምግብ አይጣልም» እያለ፣ ለእኔ ብሎ፣ ግማሹን ይበላልኛል። ዓመታት ሙሉ እኔም እንዳላወቅኩ፣ እርሱም እንዳላወቀ ሆነን ኖርን። ቢልቦርዱ በተሰቀለ ማግስት ግን ከቡና ቤቱ ቀልደኞች አንዱ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቡጀምዓ! ማንም የሌለውን ምስኪን ምሳ ስትቀማ አታፍርም?» አለው። ሳቁ እስከ ወደቡ ተሰማ።

ቡጀምዓ አልሳቀም። ተነሥቶ እስከ አደባባዩ ሄደ፤ እኔም ከኋላው ተከተልኩ። አንጋጦ ፊደሉን አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ማንም የለውም ይላል» አለኝ። «የማስታወቂያ ወሬ ነው፣ ተወው» አልኩት። «አርባ ዓመት ተቀምጬ እኔ ምንድን ነኝ? ወንበር?» አለኝ። ወንበርስ ፎቶው ላይ አለ ብዬ ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። አየኝና ዘጋሁት። ካርታውን ከኪሱ አውጥቶ በእጄ አስያዘኝና ሄደ። የዳይመንዱ ሰባት ሳይቀር ሁሉም ነበረበት። ይኸው አምስተኛ ወሩ ነው።

አራት ጊዜ በሩን አንኳኩቻለሁ። አራቱንም ጊዜ የልጁ ሚስት ትከፍታለች፤ «ተኝቷል ዓሚ» ትለኛለች፤ ከኋላዋ የእርሱ ሳል ይሰማኛል። በዚያ ሳል ላይ በምስክርነት መማል እችላለሁ፤ ከራሴ ሳል ይልቅ አውቀዋለሁና። ባለፈው ጊዜ ከውስጥ ሆኖ ጮኾ ተናገረ፤ «ማን ነው በይው! ማንም የሌለው ሰው የማንን በር ያንኳኳል በይው!» ምስኪኗ ልጅ አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ እኔም «አልሰማሁትም በይው» ብያት ተመለስኩ።

አራተኛ፦ ድርጅትዎ ከማኅበሩ ጋር የጀመረው «ሃያ ደቂቃ ከአንድ አረጋዊ ጋር» የተባለው መርሐ ግብር እጅግ ያማረ ነው፤ ላመሰግን ይገባኛል። በየሳምንቱ በጎ ፈቃደኞች ይመጡልኛል። ሁሉም ጨዋዎች፣ ሁሉም ሽቶ የተቀቡ፣ ሁሉም ጮክ ብለው የሚናገሩ ናቸው። አንዷ ድመት አምጥታልኝ ነበር፤ ድመቷ ከሃያ ደቂቃው በፊት ወጣች። ካርታ ሲያዩ «እንጫወት ዓሚ» ይሉና አውቀው ይሸነፉልኛል። ባለፈው ሐሙስ አራት ጊዜ ተከታትዬ አሸነፍኩና ወጣቱ አጨበጨበልኝ። ክብርት ወይዘሮ፣ ሚስቴን በቀበርኩ ማታ እንኳ እንደዚያች ሰዓት ብቻዬን አልነበርኩም። የሚያታልለኝ ቢጠፋ የሚሰድበኝ ባገኝ ምን ነበረበት?

ምሳውንም ስለዚሁ ልንገርዎ። አሁን ሳህኑ ሞልቶ ይመጣል፤ ግማሹን እበላለሁ፤ ግማሹን እጥላለሁ። «ምግብ አይጣልም» የሚለኝ የለም። ስለዚህ ማስታወቂያዎ ውሸት ነበር ብዬ ልከስዎ አልችልም። ሲሰቀል ውሸት ነበር፤ እያደር እውነት ሆነ። እንዲህ ያለ የሥራ ጥራት በዘመኔ አላየሁም።

አምስተኛ፦ ይህንኑ ላስረዳ ደረጃውን በየሦስቱ እያረፍኩ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። የብርቱካን ጭማቂ ሰጡኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቱኒስ ያመጡትን ሽልማትም አሳዩኝ፤ እዚያም ላይ ፊቴ አለ። ከዚያ እጄን ይዘው፣ «ዓሚ፣ ሁለት ሽማግሌ ካርታ ሲጫወቱ ያየ ሰው ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ብቻውን የተቀመጠ ያየ ግን ይቆማል፤ ሰው ካልቆመ ደግሞ ማኅበሩ አይቆምም» አሉኝ። ትክክል ነዎት። ለዚህ ነው ጭማቂዬን ጨርሼ የወረድኩት።

ትክክል መሆንዎ ነው ችግሬ። በዚያ ቢልቦርድ ምክንያት ማኅበሩ የጭነት መኪና አግኝቷል፤ ከዚህ በፊት ማንም ያልደረሰላቸው የገጠር ባልቴቶች ዛሬ ትኩስ ምሳ ይበላሉ። ከእነርሱ አንዷ በዓርብ ገበያ አግኝታኝ ግንባሬን ሳመችኝና «የአንተ ፊት አበላኝ» አለችኝ። እንግዲህ እንዲህ ተብዬ «ምስሌ ይውረድ» ብል አፌ ይጣመም። አይውረድ። ዝናብ እስኪያጥበው ይሰቀል።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ረፋድ ፎቶዎች መካከል ቡጀምዓ ጨርቁን ዘርግቶ እየሰደበኝ ያለበት አንድ እንዳለ ኒዛር ራሱ ነግሮኛል። እርሱን አሳትማችሁ፣ እንደ መሐረብ ትንሽም ብትሆን፣ በቡና ቤቱ በር ላይ ለጥፉልኝ። ከሥሩም፦ «ይህን ፊት ያበራው ቡጀምዓ ነው፤ ከወንበሩ ያስነሣነው እኛ ነን» ብላችሁ ጻፉ። ሽልማት አያስገኝም፤ ማንንም አያስለቅስም። የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ የተሠራውም ለእርሱ ብቻ ነው። እኔ ብነግረው አያምነኝም፤ ፊቴን አከራይቼ እርሱን የሸጥኩት ይመስለዋልና። ፊደል የሰደበውን ፊደል ካልካሰው በሩ አይከፈትም።

የድርጅትዎ ደጃፍ በባለጉዳይ እንዲጨናነቅ፣ ሽልማትዎ ግድግዳ እስኪያጣ እንዲበዛ፣ እርጅናዎም የሚያታልልዎ ጓደኛ የሞላበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከአደባባዩ ከፍታ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የቀድሞው የወደብ መዛኝ፣ የአሁኑ የከተማው ብቸኛ፣
ሻድሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማኅበሩ ለአዲሱ ዓመት የተጠቃሚዎች ቅጽ ልኮልኛል። ከግርጌው «አንዳች ነገር ቢደርስብዎ ለማን እንደውል?» የሚል መስመር አለ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ በዚያ መስመር ላይ ስጽፍ የኖርኩት የቡጀምዓን ቁጥር ነው፤ ልጄ ከስፋቅስ እስክትደርስ እርሱ በአራት ደቂቃ ይደርሳልና። ዘንድሮ ብዕሬን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቢደወልለት ያነሣ እንደሆነ ግን አላውቅም። መስመሩን ባዶ ትቼዋለሁ። ቅጹ የሚሰበሰበው ሐሙስ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ከሁለቱ አንዱን እንዲያርሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ፦ ወይ የቡና ቤቱን በር፣ ወይ ቅጹን። ቅጹን ከመረጡ አይቸገሩም፤ ምን ተብሎ እንደሚሞላ አስቀድመው በአደባባዩ ላይ በትልቁ ጽፈውታል።