ሰባተኛውን ምዕራፍ በድምፅ ማጉያ ላነበቡልን መምህርት

ለተከበሩ የዲሲፕሊን ኃላፊያችን፣ መምህርት ኮንሶርሺያ ቪያሩዝ፤
ኢሎይሎ

በቅድሚያ ጤናዎ፣ ይልቁንም ጉሮሮዎ፣ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ለስምንት መቶ ተማሪ ያን ያህል ማንበብ ቀላል አይደለምና። እኔ የዘጠነኛ ክፍሏ ሊዋይዋይ ዱማራን ነኝ። ሦስት ሴቶች በየተራ አንዳንድ ምዕራፍ የምንጽፍበትን፣ የክፍሉ ልጆች ወረፋ ይዘው የሚያነቡትን የፍቅር ልብ ወለድ ደብተር ወርሰውብናል፤ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መውሰድዎ ልክ ነው፤ ጥፋታችን ነው። ነገር ግን ከዘጠኝ ምዕራፍ ሰባተኛውን፣ የልብ ወለዳችን ባለታሪክ ታላ አገጩ ላይ ጠባሳ ላለበት ከበሮ መቺ ልቧን የምትገልጽበትን፣ ስለመረጡልን እናመሰግናለን። የትምህርት ቤታችን ከበሮ መቺ ክሪሳንቶ ያን ጊዜ ከበሮውን እንዳነገተ ባንዲራው ሥር ቆሞ ነበር፤ የአገጩን ጠባሳ ያላየ አልቀረም።

ሁለተኛ፤ «የጻፈችው አሁኑኑ ትውጣ!» ሲሉ አጠገቤ የቆመችው ልጅ ከኋላዬ ተደበቀች። ምዕራፉ የእሷ ነው፤ መውደዷን ለእኔ እንኳን በአፏ ነግራኝ አታውቅም። ስሟን አልጽፍም፤ የእጅ ጽሑፉንም አያመሳክሩ፣ የሁሉንም ወደ ደብተሩ የምገለብጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ ወጣሁ፤ እርስዎም ወዲያው አመኑኝ።

ሦስተኛ፤ በማግስቱ ክሪሳንቶ ትኩስ የፓንዴሳል ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ መጣና «ሊዋይ፣ እኔም እኮ ስንቴ ልነግርሽ ፈልጌ ፈራሁ» አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ሳልነግረውም ዳቦውን ተቀበልኩ። ያቺ ልጅ ከደረጃው ላይ ታየን ነበር። «ውሰጂው፤ ቃሌንስ ወስደሽ የለ?» ብላኝ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ጃንጥላ የተጋራን ልጆች ነን፣ መምህርት። ተናድጃለሁ፤ በእርስዎም በራሴም።

ስለዚህ በዚያው ማይክሮፎን፣ በመጪው ሰኞ፣ ምዕራፉ የእኔ እንዳልሆነ ብቻ እንዲናገሩልኝ እለምናለሁ። የማን እንደሆነ መናገር የእሷ ፋንታ ነው።

ለሁለት ሳምንት ግቢ በማስጠረግ ወገቤን ያጠነከሩልኝ፣ ለሥነ ምግባርዎ ዘወትር የምሰግድ ታዛዥ ተማሪዎ፣
ሊዋይዋይ ዱማራን

ማስታወሻ፦ ዘጠነኛውን ምዕራፍ ጨርሰው «ታላና ልጁ በመጨረሻ ይጋባሉ?» ብለው የቤተ መጻሕፍቷን ሠራተኛ እንደጠየቁ ሰምቻለሁ። አሥረኛው የዚያች ልጅ ተራ ነበር፤ መጻፍ ትታለች። ምናልባት መጨረሻውን ለእርስዎ ከነገረችዎ፣ እባክዎ ለእኔም ይንገሩኝ።