መዝገቡን በሕፃናት ልክ የሰፉት ዋና ነርሳችን «እትዬ ሚዛን» ስለማረፋቸው

በሆስፒታላችን የሕፃናት ሕክምና ክፍል ለሃያ ስድስት ዓመታት በዋና ነርስነት ያገለገሉት፣ እናቶች «እትዬ ሚዛን» እያሉ የሚጠሯቸው ባልደረባችን ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ሁለት ሴት ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። የሆስፒታሉ አስተዳደርና ሠራተኞች በእጅጉ አዝነናል። ሐዘናችን ግን ምስጋና ያልተለየው ነው፤ ዕድሜያቸውን በሚወዱት ሥራ ላይ አውለው፣ ፍሬውንም በዓይናቸው አይተው ሄደዋልና።

ስያሜው የወጣላቸው «ሕፃን ሳይመዘን መድኃኒት አይታዘዝለትም» በሚለው የጸና አቋማቸው ነው። ቅር ይላቸው እንደሆነ ለጠየቃቸው «ጨቅጫቃ ከመባል ይሻላል» ይሉ ነበር።

የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ወደ ሆስፒታላችን ሲገባ የተሠራው ለአዋቂዎች ነበር። ዕድሜ የሚቆጥረው በዓመት ብቻ በመሆኑ የሦስት ሳምንት ጨቅላ ዕድሜው «0» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ዋና ነርሷ በዚሁ ጉዳይ በተጠራ ስብሰባ ላይ «ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ ሦስት ሳምንት አጥብታ፣ ልጅሽ ዜሮ ነው ብዬ ለየትኛዋ እናት ልንገራት?» ማለታቸው በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። ዕድሜ በቀንና በሳምንት መጻፍ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

መዝገቡ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ስም ያልወጣላቸው መንትዮች ሁለቱም በእናታቸው ስም «ሕፃን» ተብለው በመመዝገባቸው፣ ለታመመው የታዘዘው መርፌ በጤነኛው ገጽ ላይ ወጣ። እትዬ ሚዛን ገጹን በሕፃኑ እጅ ላይ ከታሰረው መለያ ጋር አስተያይተው መርፌው ሳይወጋ አስቆሙት። በማግስቱ የሶፍትዌር ባለሙያውን አስጠርተው ለሁለት ሳምንት በክፍሉ አዋሉት። ባለሙያው እየተነጫነጨ መጥቶ ጨቅላ መታቀፍ ተምሮ እንደተመለሰ ራሱ ይመሰክራል። ዛሬ እያንዳንዱ ሕፃን እንደተወለደ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስም ሲወጣለትም ቁጥሩ አይለወጥም።

በአራተኛው ዓመት፣ ክብደት ካልተሞላ መድኃኒት ማዘዣው እንዳይከፈት አስደረጉ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ልጅ እያንቀጠቀጣት ደረሰች፤ ለመመዘን የሚያስችል ሁኔታ አልነበረም፤ ማዘዣውም አልከፈት አለ። ተረኛው ሐኪም በወረቀት አዝዞ ልጅቷ ዳነች። በዚያው ሳምንት ዋና ነርሷ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ጽፈው፣ ፈርመው ለአስተዳደሩ አስገቡ። ባቀረቡት ሐሳብ መሠረትም በድንገተኛ ጊዜ ክብደት ከቁመት ተገምቶ፣ «ግምት» ተብሎ እንዲሞላ ተፈቀደ። ያን ደብዳቤ ለአዳዲስ ሠራተኞች እናስነብባለን።

ጡረታ ከወጡ በኋላም በሳምንት ሁለት ጠዋት እየመጡ ነርሶችን ያሠለጥኑ ነበር። ባለቤታቸው «ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷማ ሰዓት ነው የቀየረችው» ይሉ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን።

ከማረፋቸው አራት ቀን ቀደም ብሎ ተተኪያቸው ልትጠይቃቸው ሄዳ፣ ሰባት ጤና ጣቢያዎች በዚሁ መዝገብ መሥራት መጀመራቸውን አበሠረቻቸው። ደስ ብሏቸው ሰሙ። ቀጥለውም ያለጊዜያቸው የተወለዱት ልጆች የዕድገት መስመር ተስተካክሎ እንደሆነ ጠየቁ። አለመስተካከሉን፣ መዝገቡ ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደውን ልጅ አሁንም ጊዜውን ጠብቆ ከተወለደው ጋር እያወዳደረ «ከስቷል» እንደሚል ነገረቻቸው።

«እንግዲያው ሥራ አላችሁ» አሏት።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለቤተ ዘመዶቻቸው፣ አብረዋቸው ለደከሙ ባልደረቦችና በእጃቸው ላይ ለተመዘኑ ልጆች ወላጆች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። የቀረው ሥራ ሰኞ ጠዋት ተጀምሯል።

የሆስፒታሉ አስተዳደርና ሠራተኞች