ለአባትህ የላላው ምላጭ

ልጄ፣ ባለህበት ክፉ አይንካህ፤ ከአንተ በፊት እኔን ያስቀድመኝ።

እኔ ደህና ነኝ። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠገነ። ደረትህን ሸፍን፣ ብርዱን አትድፈረው።

አባትህ ከማረፉ በፊት፣ «ምላጩ ጠጠረብኝ፣ ጣቴ ከዳኝ» ብሎ የአደን ጠመንጃውን ለመሣሪያ ጠጋኙ ሰጥቶት ነበር። ሰውየው ከከተማ ወጥቶ ከርሞ ኖሮ መርዶውን አልሰማም። ትናንት ምላጩን አላልቶ ይዞት መጣ።

«እትዬ፣ አሁን ጣት አያደክምም። ጋሼ የታሉ?» አለኝ።

«ተኝቷል» አልኩትና ሻይ አፈላሁለት። እንዳይቀሰቅሰው ብሎ በሹክሹክታ እያወራኝ ጠጥቶ ሄደ።

ጠመንጃው ባዶ ነው፣ አትስጋ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ጋሼ ሲሞክሩት ልይ ብሎ ተመልሶ ይመጣል።

እጅህ አይዛል ልጄ። እስቲ ለሰውየው ደውልና አንተ ንገረው፤ እኔ አፌ እምቢ አለኝ።

እናትህ