ጋሼ ያስገባልን ኢንተርኔት

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ዝናብ። ያጠብኩት ልብስ ዛሬም አልደረቀም።

ጋሼ ሰይፉ ከአዲስ አበባ ደወለ። «ስሚ ሚስጥር፣ ለቤቱ ኢንተርኔት እናስገባ። የቱ እንደሚሻል አጣሪና ንገሪኝ። ስለ ብር አትጨነቂ» አለ። ጋሼ? ስለ ብር አትጨነቂ? መርካቶ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ሻይ ሲጋብዝ እንኳ ዋጋ ጠይቆ የሚያዝ ወንድሜ? ጆሮዬን አላመንኩም።

እዚህ ቡታጅራ ትምህርት ሲከፈት እኔ ላስተምር ስወጣ እማዬ ብቻዋን ነው የምትውለው። ጉልበቷ ከድቷታል፣ ማዞርም ጀምሯታል። በእረፍት ሰዓት በቪዲዮ ደውዬ ፊቷን ባይ... የርቀት ማስተርሴንም መጀመር እችላለሁ። ኧረ ጋሼ ይባረክ!

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ሳጣራ ዋልኩ። የሒሳቡ መምህር ባዩ የገመዱን አስገብቷል። በወር የሚከፍለው ይቀላል፣ ፊልም ሳይቆምበት ያያል። «ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከተበላሸ ደግሞ ጠጋኝ እስኪመጣ ጸሎት ነው» አለኝ። ሲም የሚገባበት ራውተር ይወደዳል፤ ግን ባትሪ አለው። የስልክ ፓኬጅ? ለቤት የሚበቃ ውኃ በኩባያ እንደ መግዛት ነው።

ጎረቤታችን ሀሊሜ ባለ ሲሙ አላት። ዓምና ነው ከእንሴኖ መጥታ አጥር የተጋራነው። ተውሼ ክፍል በክፍል ዞርኩበት። ጓዳ ይሞታል፣ በረንዳ ላይ ነፍስ ይዘራል። እማዬ «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» ትለኛለች።

ለጋሼ የገመዱ ይሻላል አልኩት። «የሚልክበት ፍጥነትስ? መብራት ሲጠፋ መቋረጥ የለበትም» አለ። እኔ ስለማወርደው እንጂ ስለምልከው መች አስቤ አውቃለሁ? ለትምህርቴ እንዲህ መጨነቁ... እንባዬ መጣ። ባለ ባትሪው ተመረጠ።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ገባ። በጋሼ ስም። ውክልናና የመታወቂያ ኮፒ በአውቶቡስ ላከልኝ። ባዩ «የምትጠቀሚው አንቺ፣ ስሙ የሱ?» አለኝ። ይኼ ምን ጥያቄ ነው? የቤቱ ታላቅ እያለ በኔ ስም ላወጣ? እማዬስ ምን ትላለች?

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ጋሼ ለመስቀል መጥቶ ትናንት ተመለሰ። ቤቱ ጭር ብሏል።

ካሜራ ይዞ ነበር የመጣው፣ በፀሐይ የሚሞላ። «ለእማዬ ነው። እዚያ ሆኜ እንዳያት» ብሎ በረንዳው ምሰሶ ላይ ሰቀለው። በስልኩ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከወንበሯ ቀና ብላ፣ «እንደምን አደርክ ሰይፌ፣ ቁርስ በላህ?» አለችው። ሳቄ ሊገድለኝ! «አይመልስም እኮ እማዬ።» «ባይመልስስ? ያየኝ የለ?» አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ትምህርቴን ጀመርኩ። አንዴም አልተቆራረጠም። እማዬም ሰላምታዋን አንድ ቀን አላስታጎለችም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

እማዬ ወደቀች።

በረንዳው ደረጃ ላይ። እኔ ትምህርት ቤት እያስተማርኩ ነበር፣ ስልኬን ዘግቼ። ሀሊሜ ድምፅ ሰምታ በሩን በርግዳ ገባች። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰቻት። አጥንቷ ደህና ነው፤ ዳሌዋ ግን በልዞ... ማየት አልቻልኩም። ሀሊሜ እጄን ይዛ «አልሀምዱሊላህ በይ። ዛሬ ገበያ ልሄድ ነበር እኮ፣ አላህ ነው ያስቀረኝ» አለች።

አመሻሽ ላይ ጋሼ ደወለ። ሳልነግረው! ካሜራው ሠራ ማለት ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

«ዛሬ ግቢ የገባችው ሴት ማን ናት?»

«የቷ?»

«ሰው በሌለበት በር በርግዳ የገባችው! ለምን ሳትቆልፊ ትሄጃለሽ?»

«ጋሼ፣ እማዬ እኮ ወድቃ...»

«እሱን አላየሁም። ስልኬ የሚጮኸው በሩ ሲከፈት ነው» አለ።

ሰው በሌለበት... እማዬ ሰው አይደለችም?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሴትየዋን እንድለይለት ቪዲዮውን ልኮልኛል። ሀሊሜ ስትሮጥ፣ ሂጃቧ ሲንሸራተት። የውጭው በር ይታያል። የቆርቆሮው አጥር ይታያል። ክረምት ሳይገባ ለሰርቪስ ቤት ብሎ ያስከመረው ብሎኬትም ይታያል። በረንዳው የለም። የእማዬ ወንበር የለም። ደጋግሜ ከፈትኩት... የለም።

ስንት ጠዋት ለብሎኬት ነጠላ አስተካከለች? መብራት ሲጠፋ አይቋረጥ፣ የሚልከው ይፍጠን... ለዚህ ነበር። እኔ ሞኟ ለኔ ተጨነቀ ብዬ በደስታ አለቅሳለሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! ፈረሱን ያማረጥኩት ደግሞ ራሴ ነኝ። እንዲህ ተከድቼ አላውቅም። ንብረቱን ልጠብቅ ቢለኝ ምን ነበረበት? የእማዬን ስም ለምን ጠራ?

አልጋዋ ላይ ሆና «ስወድቅ አየኝ ይሆን?» አለችኝ።

«አላየሽም።»

«እሰይ። ይደነግጥብኝ ነበር።»

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ራውተሩንና ካሜራውን ካርቶን ውስጥ አሽጌ ትናንት በአውቶቡስ ላክሁለት። ለእማዬ ተበላሽቷል አልኳት። ጋሼ ደወለ። «ምን አጠፋሁ? ቤቱ የሁላችንም አይደለም?» «ነው። እሷም የሁላችንም ናት» አልኩት። ድምፄ ከፍ አለ። በሱ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ደስ አላለኝም፤ ግን አልጸጸተኝም።

ዛሬ የራሴን ላወጣ ሄድኩ። የገመዱን፣ ከሁሉ ርካሹን። መብራት ሲጠፋ ትምህርቴ ይቋረጣል። ይቋረጥ። ቀን ቀን ደግሞ ሀሊሜ ስፌቷን ይዛ እኛ በረንዳ ልትቀመጥ ተስማምታለች።

የምትመዘግበው ልጅ «አንቺን ባናገኝሽ የምንደውልበት የቤተሰብ ቁጥር?» አለች። አፌ የለመደውን ጀመረ። የጋሼን ቁጥር ግማሽ ድረስ ነገርኳት... ቆምኩ።

«ይቅርታ፣ ሰርዢው» አልኩና ሌላ ሰጠኋት።

«ስም?»

«ሀሊሜ።»

«ምንሽ ናት?»

«እህቴ።»

ልጅቷ መታወቂያዬ ላይ ያለውን ስም አየች፣ አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አየች፣ «እህት» ብላ ጻፈችው።