ጋላክሲም ማግኔት አለው፣ አባዬ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለው ቤታችን ደህና ነው። ወንድሜ ከድር ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄዷል፤ ደብዳቤው በዘገየ ቁጥር እማዬ እኔን ትቆጣለች፣ ፖስታ ቤቱን የያዝኩት ይመስል። ስኳር አሁንም በቀበሌ ሰልፍ ነው። አንተ የሠራህበት የቡና ማበጠሪያ ማሽንም ይሠራል፤ አዲሱ ሠራተኛ ግን ማግኔቱን እንዳንተ በየጠዋቱ አይወለውልም አሉ።

ከቡናው ጋር የመጣውን ምስማርና ሽቦ ከማግኔቱ ላይ ለቅመህ ስታበቃ፣ የቀረውን የብረት ብናኝ በድልህ ጣሳ ታመጣልኝ ነበር፤ ለፊዚክስ ተማሪዎችሽ ማሳያ ይሁንሽ እያልክ። ወረቀት ላይ በትኜ ከሥሩ ማግኔት ሳስጠጋ፣ ብናኙ መስመር መስመር ሲይዝ ከተማሪዎቼ ይልቅ አንተ ነበርክ የምትደሰተው። ናፍቀኸኛል።

ያን ቅዳሜ ግን አልረሳውም። አስተማሪ ጓደኞቼ ለምሳ መጥተው መጽሐፍ ላይ የጋላክሲ ሥዕል እናያለን፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ኮከብ እንደ ውኃ አዙሪት ተጠማዞ። መነጽርህን አድርገህ ብዙ አየኸውና «ይሄም ማግኔት አለው እንዴ? አሰላለፉ የኛን ብናኝ ይመስላል» አልክ። እኔ፣ የተማርኩት ልጅህ፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የቡና ማሽን አይደለም» አልኩህ። ሁሉም ሳቁ። አንተም ሳቅክ፤ ከዚያ የዙሁር ሶላት ደርሷል ብለህ ተነሣህ። ጣሳውን ማምጣት አላቋረጥክም፤ ጥያቄ ግን ዳግመኛ ጠይቀኸኝ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤታችን የቆየ የሳይንስ መጽሔት ደረሰው። ሰማዩን በራዲዮ ሞገድ የሚያጠኑ ሰዎች፣ እንደዚያ የተጠማዘዙ ጋላክሲዎች የማግኔት መስክ እንዳላቸው፣ መስመሮቹም የጋላክሲውን ክንዶች ተከትለው እንደሚዞሩ ደርሰውበታል። በጣም ደካማ ነው፤ መርፌ እንኳ አያነሣም። ግን አለ። ቤት ስገባ ለእማዬ ነገርኳት። ሻሿን አስተካክላ «ለኔ ምን ታወሪያለሽ? ለሱ ነበር እንጂ» አለችኝ። ያኔ አለቀስኩ።

አፉ በለኝ፣ አባዬ።

ይህን ትምህርት ባስተማርኩ ቁጥር አነሣሃለሁ። መጀመሪያ የጠየቀኝ አባቴ ነው እላቸዋለሁ፤ እንዳሳቅኩበትም አብሬ እነግራቸዋለሁ። ያን ደብቄ በአንተ መኩራት አይገባኝም።

ልጅህ ዘይነባ