አራት ሜትር ተኩል

ሰኔ 3
ጀልባዋን ቀለም ቀባሁ። አረንጓዴ። ቅዳሜ የኩሬው ባለቤት የሐኪሙ ልጆች ይመጣሉ ተብሏል። ሣሩን አጨድኩ፣ አግዳሚዎቹን አጠብኩ... አስራ አንድ ዓመት በዚህ የሰው ኩሬ ላይ ዘበኛም ነኝ፣ አትክልተኛም ነኝ፣ ጀልባ ቀዛፊም ነኝ። ዋና ግን አልችልም። ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ሰኔ 9
የጥርስ ሐኪሙ ዓሣዎቹ አለቁብኝ ብሎ ተበሳጭቷል። ኩሬው ሲሞላ ከትርፉ ውሃ ጋር በማፍሰሻው ይሄዳሉ። “ሽቦ እሰርበት” አለኝ።
“ውሃው ሌላ መውጫ የለውም እኮ።”
“ውሃ በሽቦ ያልፋል። ዓሣ አያልፍም።”
እውነቱን ነው። ቅጠልስ? አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም? ወንፊት የመሰለ ሽቦ በገዛ እጄ ግጥም አድርጌ አሰርኩት። ሳበላሽ እንኳ አሳምሬ ነው።

ሰኔ 21
ኩሬውን የያዘው ግድብ ግርጌ ሣሩ ርሷል። ዝናብ ከጣለ አምስት ቀኑ... ከዚያ እስከ እህቴ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ዛሬ ቆጠርኩት።

ሰኔ 22
የሻይ ብርጭቆ ይዤ ወረድኩ። የሚንጠባጠበውን ቀዳሁና ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ኩልል ያለ ነው። ተመስገን።
ግድቡን የሠሩት ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው ይህን ያስተማሩኝ። “ኩልል ያለ ካንጠባጠበ ያንጠባጥብ። የደፈረሰ ቀን ግን ሆዱ እየተበላ ነው፣ ሩጥ” ይሉኝ ነበር። ወዴት እንደምሮጥ ሳይነግሩኝ ሞቱ።

ሰኔ 27
ኩልል ያለ።

ሐምሌ 2
ደፈረሰ። ብርጭቆውን አጥቤ ደግሜ ቀዳሁ። ያው ነው።  ፈራሁ፣ ምን ይደበቃል።
ለሐኪሙ ደወልኩ።
“ስንት ዓመት ቆሟል?”
“ሠላሳ ይሆነዋል።”
“ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?”
የሰው ጥርስ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካየ ሳይደፍን አያድርም። የራሱ ግድብ ሲቦረቦር ግን “ክረምቱ ይውጣና እናያለን።” ክረምቱ ሳይወጣ ግድቡ ቢወጣስ?

ሐምሌ 5
ውሃ ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ወንበር አሞቅኩ። ያነጋገረኝ ወጣት ሰው አክባሪ ነው። ድፍርሱን ውሃ በጠርሙስ ይዤለት ነበር፣ አገላብጦ አየው።
“ቁመቱ ስንት ነው?”
“አራት ሜትር ተኩል።”
እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “ከስድስት በታች እኛን አይመለከትም። ደግሞ የግል መዝናኛ ነው።”
“ከሥሩ ስድስት አባወራ አለ።”
“ገብቶኛል ጋሼ። ቁመቱ ነው ያልደረሰልዎት።”
ጠርሙሱን መለሰልኝ። ውሃው እኮ ሰው ላይ ሲመጣ ሜትር ይዞ አይመጣም... ይህን ያሰብኩት ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ነው። መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ደረጃ ላይ ነው።

ሐምሌ 6
እህቴ ጋ ወረድኩ።
“እትዬ፣ ክረምቱን እንኳ ልጅሽ ጋ ሂጂ።”
“ዶሮዎቼንስ?”
“ይዘሻቸው ሂጂ።”
“ሦስተኛ ፎቅ ላይ? እብድ! ይልቅ ብላ፣ ከስተሃል።”
ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ግን በአጥሩ በኩል ሰምቶ ኖሮ ተከትሎኝ ወጣ። “አባ ግድብ፣ የምርህን ነው?” የምሬን ነው አልኩት። ቀና ብሎ ግድቡን አየ። ከዚያ “እሁድ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ አማቴ ጋ እገባለሁ” አለ። ደስ አለኝ። አንድ ሰው ሰማኝ።

ሐምሌ 14
ከንጋት ጀምሮ ዝናብ። ረፋዱ ላይ ሽቦው በቅጠል ተደፍኖ ግድግዳ ሆኗል። ውሃው ግድቡ አፍ ሊደርስ አራት ጣት ቀረው። ደወልኩ፣ አያነሳም። ጉጠት ይዤ ገባሁ... እስከ ደረቴ። ዋና የማልችለው እኔ። እየቆረጥኩ የእናቴን ስም ስጠራ ነበር። ሽቦው ሲለቅ ውሃው በጎኔ አለፈ፣ ዓሣዎቹም አለፉ፣ እግሬን እየነኩ።
ግድቡ ቆሟል። 

ሐምሌ 15
ሐኪሙ መጣ።
“ዓሣዎቼን ለቀቅክብኝ።”
“ግድቡ ሊሄድ ነበር።”
“ሄደ?”
“አልሄደም።”
“ታዲያ!”
 ቢፈርስ ኖሮ ሰው ያምነኝ ነበር። አለመፍረሱ ውሸታም አደረገኝ። በአራት ቀን ውስጥ ክፍሉን ልቀቅ አለኝ። አስራ አንድ ዓመት በአንድ ሻንጣ ገባ።

ሐምሌ 18
የት ልሂድ? ያለችኝ እህቴ ናት። እህቴ ያለችው ታች ነው።

ሐምሌ 19
ገባሁ። እትዬ ከደስታዋ ብዛት አልጋዋን ለቀቀችልኝ። እምቢ ብል ማን ሊሰማኝ።
የግድቡ ግርጌ በሐኪሙ አጥር ውስጥ ነው፣ አዲሱ ዘበኛ አያስገባኝም። ብርጭቆውን ከሻንጣው አላወጣሁትም። ከዚህ ሲያዩት ውሃው አይታይም፣ ሣር የለበሰ ጉብታ ብቻ ነው። ጠዋት ላይ አዲስ ሽቦ ሲያስሩ መዶሻው ይሰማ ነበር።

ሐምሌ 23
ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ጋብ አለ። ስወጣ ልብስ ሰፊው በር ላይ ጋሪ ቆሟል። የቀረ ዕቃቸውን ሊወስዱ የመጡ መስሎኝ ልሰናበታቸው ተጠጋሁ። ለካ ዕቃው እየወረደ ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተመልሷል። ልጆቹ ውስጥ ይሯሯጣሉ።
“አማትህ ጋ አልገባህም እንዴ?”
“ገብቼ ነበር። አንተ እዚህ መግባትህን ስሰማ ተመለስኩ። ግድቡን ከአንተ በላይ ማን ያውቀዋል?”
እህቴ ከኋላዬ፣ “እኔስ ምን አልኩ! ሥጋት ቢኖር ወንድሜ አብሮኝ ያድር ነበር?”
“የምሄድበት አጥቼ ነው የገባሁት” አልኩ።
ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። ደግሜ አልኩት፣ ይብስ ሳቁ። ጋሪው ላይ አንድ ፍራሽ ቀርቶ ነበር፣ የልጆቹ ነው። ዝናቡ ደግሞ ሊጀምር ነው። በአንድ ወገን ይዤ አብሬ አስገባሁት።